«ገባህ?» አትበሉት፦ የመረዳትና የመማር ችግር ያለበት ልጅ በጥፋት ሲያዝ

አንድ የ14 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ጎንደር ፒያሳ፣ ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ሊስትሮ ነበር። አንድ ቀን የተሰረቀ ሞባይል ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ጣቢያ ወሰዱት። «ሰርቀሃል?» ሲሉት «አዎ ጋሼ» አለ። «ከማን ጋር ነበርክ?» ሲሉት ዝም። «እየዋሸህ ነው አይደል?» ሲሉት አሁንም «አዎ ጋሼ»። መርማሪው ንዴቱ መጣ። ልጁ እልኸኛ ተባለ።

በማግስቱ እናቱ ለምናኝ ሄድኩ። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና ወሬውን ከስልኩ ሳይሆን ከሥራው ጀመርኩ። የጥቁሩንና የቡናማውን ቀለም ብሩሽ እንዴት እንደሚለይ አስረዳኝ። ከዚያ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

«ስልኩ ኪስህ ከመግባቱ በፊት የት ነበር?»
«እጁ ላይ።»
«የማን እጅ?»
«የዚያ የትልቁ።»
«ምን አለህ?»
«ያዝልኝ አለኝ።»
«አንተስ?»
«ያዝኩለታ።»
«ሰው ሲጮህ ለምን አልሄድክም?»
«ይመጣል እኮ። ያዝልኝ ነው ያለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ እናቶች፣ መምህራንና አንዳንድ ፖሊሶችም «እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመን ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከልጆቹና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ጣቢያም ፍርድ ቤትም የምመላለስ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አምናለሁ። ልጁ አጠፋ ወይስ አላጠፋም ከማለታችን በፊት የጠየቅነው ነገር ገብቶት እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ስለ ምን ዓይነት ችግር ነው የምናወራው?

ብዙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን ሁሉንም «ጅል» ወይም «ደንቆሮ» በምትል አንዲት ቃል እናልፋቸዋለን። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ማሰቡም የዕለት ኑሮውም ከእኩዮቹ ወደኋላ የቀረ ነው። የማንበብ ወይም የሒሳብ ችግር ያለበት ደግሞ በሌላው ሁሉ ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሚከዱት ነው። ትኩረቱ የማይረጋ፣ ሳያስብ የሚያደርግ ቅብጥብጥ ልጅ አለ። ሰው የሚለውን ለመረዳት ወይም የራሱን ሐሳብ በቃል ለማውጣት የሚቸገር አለ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተለወጠ አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት አለ። ጆሮው በደንብ የማይሰማም አለ፤ ይሄኛው ከሁሉ በላይ ይረሳል።

ሁለት ነገሮች ከእነዚህ ጋር መደባለቅ የለባቸውም። አንደኛው የአእምሮ ሕመም ነው፤ እሱ ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት አለመግባት ነው። በ2013 በተጀመረው ጦርነትና ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ከገጠር ተፈናቅሎ ጎንደር የገባ የ13 ዓመት ልጅ ስሙን መጻፍ ባይችል አይደንቅም። እሱ ያጣው መምህር ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ችግር አለበት» ብሎ መፈረጅ ሌላ በደል ነው።

ነገሩ ጥቂት ልጆችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በእስር ላይ ካሉ ወጣቶች ከ100ው ከ60 እስከ 90 የሚሆኑት የቋንቋና የመግባባት ችግር እንዳለባቸው ያሳያል። ከሌላው ወጣት ግን ከ100 ከ5 እስከ 7 ናቸው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ በእስር ካሉት ከ23 እስከ 32፣ ከሌላው ከ2 እስከ 4 ነው። ቁጥሩ የእነሱ ነው፤ የጎንደር አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ የበለጠ ሌባ ሆኖ ግን አይደለም። ቀድሞ ከትምህርት ቤት ይወጣል፣ ቀድሞ ይታለላል፣ ቀድሞ ይያዛል፣ ከተያዘ በኋላም ራሱን ማስረዳት አይችልም።

1. ዕድሜውን አጣሩ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ለወጣት ጥፋተኞች በተለየ ሥርዓት ይታያል። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን ቅጣቱን ማቅለል ይችላል። ስለዚህ 14 እና 16 መባል ትልቅ ልዩነት አለው።

የልደት ካርድ ከሌለ የክትባት ካርድ ፈልጉ። እሱም ከሌለ እናቲቱን በክርስትናው ጠይቋት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሱ ብዙ እናት ቀኑን አትረሳውም። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ በየትኛው ረመዳን አካባቢ እንደተወለደ ያስታውሳሉ። የትምህርት ቤት መዝገብም ይረዳል። ሐኪም ቤት በአጥንት ራጅ የሚሰጠው ዕድሜ ግምት ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ቁመቱን አይቶ መገመትማ ጨርሶ አይሆንም።

2. ቃሉን ከመስጠቱ በፊት አጠገቡ ተገኙ

በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 172፣ ልጁ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና ያለመናገር መብቱ እንዲገለጽለት ይላል። «በሚገባው ቋንቋ» ሲባል ብዙዎቻችን አማርኛ ወይስ ቅማንትኛ የሚለው ብቻ ይታየናል። ለእኔ አጭር አማርኛም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው።

ይሄን አወዳድሩት። «ቃልህን ያለመስጠት መብት ያለህ ሲሆን የምትሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብብህ ይችላል።» ልጁ «እሺ ጋሼ» ይላል። አሁን ደግሞ እንዲህ በሉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። መናገር ካልፈለግክ ዝም ማለት ትችላለህ። ዝም ስላልክ አልቆጣህም። የምትነግረኝን እጽፈዋለሁ። የጻፍኩትን ዳኛ ያነቡታል።»

ከእያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር በኋላ ቆም በሉ። «ገባህ?» አትበሉት። እኛ አገር ትልቅ ሰው «ገባህ?» ሲል «አልገባኝም» ማለት ነውር ነው፤ ልጁ የተማረው እንደዚያ ነው። ይልቅ «አሁን ያልኩህን ለእናትህ እንዴት አድርገህ ትነግራታለህ?» በሉት። ከነገራችሁ ገብቶታል። ከተንተባተበ ወይም የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ከደገመ አልገባውም። ጥፋቱ የእኛ አነጋገር ነውና እንደገና እንሞክር።

አጠያየቁም ልክ አለው። ባንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» የሆነ ጥያቄ በተቻለ መጠን ይቅር፤ ማን፣ ምን፣ የት ይሻላል። «ለምን» ለእንዲህ ያለ ልጅ ከባድ ነው፤ ወቀሳም ይመስለዋል። «መቼ» የሚለውን በሰዓት ሳይሆን በሚያውቀው ነገር ጠይቁት፤ ምሳ ከመብላትህ በፊት ነው ወይስ ከበላህ በኋላ? ጠይቃችሁ ስታበቁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዝምታው ረዝሞ ሌላ ጥያቄ ብትጨምሩ የጀመረው ሐሳብ ይጠፋበታል። ያንኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ ብትጠይቁት ደግሞ «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው» ብሎ ይለውጠዋል። ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያየ ሰው ሁሉ ግን «ቃሉን ቀያየረ» ነው የሚለው።

«አዎ»ው እውነተኛ መሆኑን የምታዩበት መንገድ አለ። በጨዋታ መሐል፣ ሳትስቁበት፣ «ላም እንቁላል ትጥላለች?» በሉት። ብዙ ልጅ ይስቃል። የሊስትሮው ልጅ ዓይኔን ዓይኔን አየና «አዎ ጋሼ» አለኝ። እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ነበር።

በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ፈርም ሲባል የተጻፈው ቀስ ተብሎ ይነበብለት። አሻራውን ከማሳረፉ በፊት በራሱ አፍ መልሶ ይናገረው።

3. እናቲቱን ለብቻ አነጋግሩ

ሰው ፊት «ልጅሽ ችግር አለበት ወይ?» ብትሏት «የለበትም» ትላለች። ማን እናት ናት ልጇን ጎረቤት ፊት አሳልፋ የምትሰጥ? ቤቷ ሂዱ፣ ቡናው ይፈላ፣ ጊዜ ስጧት። ቃላችሁንም ምረጡ። «የአእምሮ ችግር» ስትሉ ዕብደት ይመስላታል።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በዚህ ነው፦ «ታናሹ የሚያደርገው፣ እሱ ግን የማያደርገው ነገር ምን አለ?» ይህች ጥያቄ በሩን ትከፍታለች። የሊስትሮው እናት ዝም ብላ ቆየችና «ሱቅ ስልከው ሳሙና በለው፣ ክብሪት በለው፣ አንዱን ብቻ ነው ይዞ የሚመጣ። ታናሹን ነው የምልክ። ልቡ ግን ገር ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወደኋላ ሂዱ። ምጡ ረዝሞ ነበር? ሲወለድ አልቅሷል? መቼ ሄደ፣ መቼ አፉን ፈታ? በሕፃንነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ስቶ ያውቃል? ቆላ፣ መተማ አካባቢ ኖሮ ከሆነ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነበር? እንዲህ ያለው ወባ ከዳነ በኋላም የማስታወስና የትኩረት ችግር ሊተው ይችላል። ከዛፍ ወድቋል? በዱላ ተመትቷል? ከዚያ በኋላ ጠባዩ ተለወጠ? ጆሮው መግል ያፈስ ነበር?

ጸበል ወስጄዋለሁ ካለች አትከራከሯት። ጸበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ብቻ የጀመረው መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ አደራ በሏት።

4. ትንንሽ ነገሮችን አስተውሉ

ይሄ ፈተና አይደለም፤ በሽታ ስም ማውጣትም የእናንተ ሥራ አይደለም። የምታዩት ለሐኪሙና ለዳኛው የሚጠቅም ነገር ለመያዝ ነው።

ከኋላው ሆናችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ጥሩት። ካልዞረ ጆሮውን ጠርጥሩ። ራቅ ያለ ታፔላ አሳዩት። ሦስት ነገር አከታትላችሁ እዘዙት፤ «በሩን ዝጋ፣ ወንበሩን አምጣ፣ ቁጭ በል»። ስንቱን ፈጸመ? 50 ብር ሰጥታችሁ የ35 ብር ዕቃ ቢገዛ ምን ያህል መልስ እንደሚቀበል ጠይቁት። የሳምንቱን ቀናት ይቁጠርላችሁ።

ንባቡን ስታዩ ግን ረጋ በሉ። ፊደላችን በቅርፁ ይመሳሰላል። የማንበብ ችግር ያለበት ልጅ «ቡ» እና «ቢ»ን፣ «ለ» እና «ሰ»ን ይቀላቅላል፤ ቅጥያዋ ከወገብ ትሁን ከእግር አይታየውም። ሀሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ሊወርደው ይችላል። አንዷን ፊደል ከመሐል ነጥላችሁ ስታሳዩት ግን ከመጀመሪያው ካልጀመረ አያገኛትም። እኛ ሀገር ልጅ በቃሉ በማጥናት ጎበዝ ነው። መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚል የቆሎ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ያላጠናውን ገጽ ስሰጠው ግን አንድ መስመር ማንበብ አልቻለም። ስለዚህ ያላየውን ጽሑፍ ስጡት። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ከሆነ ደግሞ ይሄን ክፍል ጭራሽ ተዉት።

5. አንድ ገጽ ጻፉ

ከዚህ ሁሉ ሥራ ፍሬ የሚያፈራው ይህ ገጽ ነው። ረጅም ከሆነ ማንም አያነበውም። «ይመስለኛል» አይግባበት፤ ያያችሁትንና ማን እንደነገራችሁ ብቻ። የሊስትሮው ልጅ ገጽ ይህን ይመስል ነበር፦

«ዕድሜው በእናቱ ቃል 14። 3ኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ አቁሟል። እናቱ እንደምትለው ሲወለድ አላለቀሰም፤ አፉን የፈታው ከ3 ዓመቱ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ትዕዛዝ በላይ አይዝም። ብር ይለያል፤ መልስ ማስላት አይችልም። ቀንና ወር አያውቅም፤ በዓላትን ያውቃል። ለሚያስፈራው ሰው ሁሉንም ነገር «አዎ» ይላል፤ ላም እንቁላል ትጥላለች ወይ ስለው «አዎ» ብሎኛል። ቀስ ተብሎ በአጭሩ ሲጠየቅ ያየውን በቅደም ተከተል ይናገራል። ሥራው ላይ ታማኝ ነው፤ ቀለም አያባክንም። ሲጮኹበት አፉ ይያዛል።»

ከመጨረሻዋ በፊት ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ በሉ። የሚችለውንም ጻፉ። የማይችለው ብቻ ከተዘረዘረ ዳኛው የሚያምኑት ልጅ አያገኙም።

6. ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያ ጆሮና ዓይን ይታይ። ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ምልክት ካለ እሱ፤ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ገጹን ይዛችሁ ግቡ። ሐኪሙ ያላቸው ጊዜ አጭር ነው፤ እናት ደግሞ እዚያ ስትደርስ ትደነግጣለች።

ዩኒቨርሲቲው ለአካል ጉዳተኞች ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት አለው፤ እዚያም ጠይቁ። የሕግ ትምህርት ቤቱም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ጠበቃ የለኝም ብሎ ይቀመጣል።

7. ፍርድ ቤት

የልጅ ጉዳይ በዝግ ይታያል፤ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 176 ነው። ወላጅ፣ ምስክር፣ ባለሙያ ይገባሉ፤ ሥርዓቱም መደበኛ ችሎት እንዳይመስል ሕጉ ያዛል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል።

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር መረጃ ማስቀረብ ይችላሉ፤ ገጻችሁና የሐኪሙ ወረቀት የሚገቡት በዚህ በር ነው። ኃላፊነቱ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 51 የባለሙያ አስተያየት እንዲቀርብ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ከ9 እስከ 15 ላለ ልጅ እስር ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሕጉ ከአንቀጽ 158 ጀምሮ ሕክምናን፣ በኃላፊ ሰው ክትትል ሥር መታነጽን፣ ወቀሳን ይዘረዝራል። «ክትትል» ስትሉ ግን ሰውዬውን ይዛችሁ ቅረቡ። አጎቱ ይሁን፣ የአናጢው ቤት ባለቤት ይሁን፣ ቆሞ «እኔ አየዋለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ጉዳዩ በሽምግልና እየታየም ከሆነ ይህንኑ አድርጉ። ሽማግሌዎቹ ፊት ልጁ ያልተረዳውን ቃል እንዳይገባ። የተበደለውም ሰው አለ፤ ስልኩን ያጣ ሰው ንዴቱ ተገቢ ነው። በሰውዬው ላይ ምን እንደደረሰ ልጁ እንዲገባው ከተፈለገ «ብሩሽህን ቢወስዱብህ ምን ትሆናለህ?» ማለት ከረጅም ተግሣጽ ይሻላል።

8. ከተለቀቀ በኋላ

የሊስትሮውን ልጅ ዳኛው «ለ13 ቅረብ» ብለው ለቀቁት። ቢቀር «ትዕዛዝ ጣሰ» ይባላል። ለእሱ ግን 13 ማለት ምንም አይደለም። «የሚካኤል ማግስት» አልነው። «እናትህ ከሚካኤል መጥታ፣ አድረህ፣ ቁርስ በልተህ ትሄዳለህ።» መጣ። ሙስሊም ልጅ ከሆነ በጁምዓ ቁጠሩለት፤ ገበያ የሚውል ከሆነ በቅዳሜ ገበያ። ስልክ ካለ የማለዳ ደወል ሙሉ። የተጻፈ ወረቀት ብቻ ሰጥታችሁ አትልቀቁት።

የታዘዘውንም አሳጥሩት። «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ» ማለት አይገባውም፤ መጥፎው ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ሲጠራው ወዳጁ ነው የሚመስለው። «ማንም ሰው ያዝልኝ ቢልህ እጅህን ኪስህ ከትተህ አይ በል» ማለት ግን ይገባዋል። ይህችን ከእናቱ ጋር ሆነን ደጋግመን ተለማመድናት። እኔ ቁልፌን ዘርግቼ «ያዝልኝ» እላለሁ፤ እሱ እጁን ይከታል። የመጀመሪያ ቀን አምስት ጊዜ ተቀበለኝ።

ትምህርት ከሆነ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ጠይቁ። 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ከ8 ዓመት ልጆች ጋር መልሶ ማስቀመጥ ግን አይደላም፤ አፍሮ ይጠፋል። እጅ ሥራው ላይ ጎበዝ ከሆነ አናጢ ቤት ወይም ጋራዥ ቢገባ፣ ማታ ማታ ፊደል ቢቆጥር የሚሻል ይመስለኛል። ባለሙያውም አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላ እንዳያዘው ቀድማችሁ ንገሩት።

ገጹን አራት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ መዝገቡ ውስጥ፣ አንዱ መምህሩ ወይም አሠሪው ጋ፣ አንዱ ስልካችሁ ውስጥ በፎቶ፣ አንዱ እናቱ ጋ። ልጅ ይለወጣልና በየስድስት ወሩ አድሱት። የሊስትሮው እናት የእሷን ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ነው ያኖረችው። ባለፈው ሳድሰው «መልስ ማስላት አይችልም» የምትለዋን መስመር ሰረዝኩ። አናጢ ቤት ምስማር ሲልኩት መልሱን ቆጥሮ ነው የሚመጣው።